ኡርዱ የሚያነብልኝ ሰው

ጸሐፊ የሚባል ፍጡር ጎረቤት ሆኗችሁ ያውቃል? እኔ አሰብ ላይ ደርሶብኛል። ሰሊም ይባላል፤ የካራቺ ሰው፣ ወደቡ ላይ መካኒክ ነበር። ጸሐፊ እንጀራ ቢያጣ ይችላል፤ ጆሮ ቢያጣ ግን ይታመማል። ስለዚህ አመሻሽ ላይ ደጄ ይቀመጥና በአገሩ ቋንቋ፣ በኡርዱ የጻፈውን ያነብልኛል። እኔ ስሜን እንኳ የምጽፈው እያላበኝ ነው፤ ኡርዱ ከየት አባቴ አመጣለሁ?

አንድ ቀን በዚያ በተሰባበረ ዓረብኛው «አባባ፣ እንዴት ነው?» አለኝ።

«ረዘመ» አልኩት። ውሸት አልወድማ!

ሦስት ቀን አኮረፈኝ። በአራተኛው ቀን አሳጥሮት መጣ።

«እውነትህን ነው፤ ስለ እናቴ ጓሮ አበዛሁት። ናፍቆኝ ነው» አለኝ።

ኋላ ሥራው አለቀና አገሩ ገባ። ጆሮዬም ሥራ ፈታ። ባለፈው ደብዳቤ ላከልኝ፤ ያውም በኡርዱ! ይዤው ወደብ ወረድኩና አንድ ያገሩን መርከበኛ ለምኜ አስነበብኩት። ሁለት መስመር እንዳነበበ ቆም አለና በዓረብኛ «አባት፣ ምን እንደሚል ልንገርህ?» አለኝ።

«ትርጉም ማን ጠየቀህ?» አልኩት። «እኔ ሰሊምን የማውቀው በኡርዱ ነው። ቀስ እያልክ አንብብ።»