እግርዎ ቢሰበር ጠያቂን ይፍሩ

አንባቢ ሆይ፣ እግርዎ ቢሰበር ስብራቱን አይፍሩ፤ ጠያቂውን ይፍሩ። እኔ ይህን የተማርሁት ከመቂ ስመለስ ከበቅሎ ወድቄ ናዝሬት በተኛሁ ጊዜ ነው። ወጌሻው አቶ ገመዳ እግሬን በቀርከሃ አስረው፣ «ልጄ፣ ምግብህን መጥን፤ ተኝተህ ከወፈርህ እግርህ አይሸከምህም። ጭንህንም በየማለዳው ከፍ ዝቅ አድርግ፤ ያለዚያ እግርህ ሰልሎ ይቀራል» አሉኝ። ሰልሎ! ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጣሁ።

ታዲያ ጎረቤቴ እትዬ አለሚቱ መች ያስመጥኑኛል? እንደ እርሳቸው ያለ ጠያቂ ባዶ እጁን አይገባም፤ ያመጣውም ሳያልቅ አይወጣም። «አጥንት የሚገጥመው ገንፎ ነው፤ በሞቴ ብላ!» ይላሉ። በሞቴ ያለን ሰው እንዴት እምቢ ይሉታል?

አንድ ማለዳ ጥርሴን ነክሼ፣ ላብ አጥምቆኝ ጭኔን ሳነሣ ድንገት ገቡ።

«ኡኡ! ልጁ እየተንፈራገጠ ነው! ነፍሱ ልትወጣ ነው!»

አገር ተሰበሰበ። አንዱ ጸበል ረጨኝ፤ ጎረቤታችን ሐጂ ሙሄ ዱዓቸውን ጀመሩ፤ ሁለት ጎረምሶች የታሰረውን እግሬን ጨምድደው ያዙ። ቀርከሃው ሲንቋቋ ሰማሁ። «እግሬን! እግሬን ልቀቁ!» ብዬ ብጮህ፣ «ይቃዣል፣ አጥብቃችሁ ያዙት!» አሉ።

ደግነቱ ወጌሻው ደረሱ። ጎረምሶቹን አስለቅቀው እግሬን ዳሰሱና፣ «ተርፏል። እትዬ፣ እግሩን የሚያነሣው በእኔ ትእዛዝ ነው። እንዲያውም በየማለዳው እርስዎ ያሠሩት» አሏቸው።

ወይ መዓቴ! አሁን እትዬ ገና ሳይነጋ ይመጣሉ። «አንሣ! ከፍ አድርግ እንጂ!» እያሉ እስክዝል ያሠሩኛል፤ ከዚያ፣ «ደከመህ አይደል?» ብለው ድርብ ገንፎ ያቀርባሉ።

እግሬስ ይድናል። ለእኔ ጸልዩልኝ።