«አይዞሽ» የተባለችው ማን ናት?

ቪዲዮው ቴሌግራም ላይ ሳይደርሳችሁ በፊት እኔው ልናዘዝ። አዎ፣ ድልድዩ ላይ በእጅና በጉልበቷ ወደ ኋላ የምትሄደው ሴትዮ እኔ ነኝ!

ሌላኛዋ በቅሎ ናት።

ተረጋጉ፣ ከመጀመሪያው ልጀምር።

እንደምታውቁት ቦንጋ ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት የኮሙኒኬሽን ባለሙያ ነኝ። ገጠር ያለውን አሮጌ ተንጠልጣይ ድልድይ በየዓመቱ ፔጃችን ላይ የምፖስተው እኔ ነኝ። «ታሪካዊው ድልድያችን! ሲሻገሩት ልዩ ስሜት ይሰጣል!» የሚለው ካፕሽን የኔ ነው። ላይክ ያደረጋችሁ አላችሁ፤ አመሰግናለሁ።

ተሻግሬው አላውቅም!

ፎቶውን ያነሳው የቢሮ ባልደረባዬ ነው። እኔ አንደኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ቆሜ ስልክ ማውራት የማልችል ሰው ነኝ።

ይሄ አንደኛው ውሸቴ ነው። ሁለተኛው ይብሳል።

አያቴ ከሰሜን በሹመት መጥተው ቦንጋ የቀሩ ሰው ናቸው። እኔ እዚሁ ተወልጄ፣ እዚሁ ተምሬ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት እዚሁ ኖሬያለሁ። «ካፊኖኖ ትችያለሽ?» ስባል መልሴ የታወቀ ነው። «እሰማለሁ፤ መናገር ነው የሚከብደኝ።»

አልሰማም። ከሰላምታ ውጪ አንድ ነገር አልሰማም። እጮኛዬ አስራት ከእናቱ ጋር በስልክ ሲያወራ ግን አጠገቡ ቁጭ ብዬ ራሴን እነቀንቃለሁ። እሱም የዋህ ነው፣ አምኖኝ ለአባቱ «ቋንቋችንን ትሰማለች» ብሎ ነግሯቸዋል። አባትየው ስለ ከተማ ምራት የነበራቸው ስጋት ደግሞ ይኸው ብቻ ነበር። ቤታችን መጥታ ዘላለም እንግዳ ሆና እንዳትቀር ነው የሚሉት።

ዛሬ ቤተሰቡ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየኝ ቀን ነበር። ቤታቸው የት ነው? ከወንዙ ማዶ!

በመኪና የሚዞር መንገድ አለ። አባትየው ግን «ስለ ድልድዩ የምትጽፈው ልጅ አይደለች? በድልድዩ ትምጣ» አሉ። እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ?

አስራት ለዝግጅቱ ቀድሞ ሄዷል። እኔና ጓደኛዬ ምሕረት ጠዋት ወደ ሺሺንዳ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፍረን መንገድ ላይ ወረድን፤ ከዚያ በጫካው ውስጥ በእግር። ስንደርስ ጉም ወንዙን ሸፍኖታል። ማዶው አይታይም። የሚታየው የብረት ገመድ፣ የተወሰነ ጣውላ፣ ጣውላው በሌለበት ደግሞ ውሃ ነው።

ምሕረት «አንቺ ቅደሚ፣ ሙሽራዋ» አለችና ስልኳን አወጣች። ጓደኛ ማለት እንዲህ ነው።

ሦስተኛው ጣውላ ላይ ቀረሁ። ገመዱን በሁለት እጄ ጨበጥኩ። ልመለስ ስል ከጉሙ ውስጥ የሽማግሌ ድምፅ መጣ።

«አይዞሽ! ነይ! ነይ የኔ ቆንጆ!»

እንባዬ መጣ። የምሬን ነው። ሳያውቁኝ እኮ ነው! አንድ እርምጃ ሄድኩ።

«ቀስ በይ! እግርሽን እያየሽ!»

«እሺ አባባ!» ብዬ ጮህኩ። ውሃው ይጮሃል፤ የሰሙኝ አይመስለኝም።

«ምን ያስፈራሻል? ትናንት ተሻግረሽው የለም እንዴ!»

ትናንት? እዚህ ጋ መንቃት ነበረብኝ። እኔ ግን «አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ነው፤ ነገ ትለምጂዋለሽ ለማለት ነው» ብዬ በሆዴ አረምኩላቸው። ድፍረቴን አያችሁ? ማን ማንን እንደሚያርም!

«ጆሮሽን አታቁሚብኝ!»

ይሄንንም ተረጎምኩት። «የውሃውን ድምፅ አትስሚ» ማለታቸው ነው። እንዲያውም ለካፕሽን ይሆናል ብዬ በቃሌ ያዝኩት።

መሃል ስደርስ ጉሙ ሳሳ።

በቅሎ!

አፍንጫ ለአፍንጫ። ጆሮዋ ቆሟል። ከኋላዋ ገመዷን የያዙ ሽማግሌ አሉ።

«አንቺ ደግሞ ማነሽ?» አሉኝ።

ጣውላው ላይ ዘፍ ብዬ ተቀምጫለሁ። «አይዞሽ ነይ ሲሉኝ እኮ ነው የመጣሁት» አልኩ።

«አንቺን ማን አለሽ! በቅሎዋን ነው!»

ሰው እንዲህ ባለ ሰዓት ይጸልያል። እኔ ግን «ታዲያ ለምን በአማርኛ?» ብዬ ጠየቅኩ።

«ቦንጋ ከአንድ መምህር ቤት ነው የገዛኋት። ካፊኖኖ አትሰማም ነበር። እኛ ጋ ሁለት ዓመት ሆናት፣ አሁን በደንብ ጀምራለች። ስትፈራ ብቻ በአማርኛ ካላባበሏት እሺ አትልም።»

ይህን ብለው በካፊኖኖ አንድ ቃል ተናገሩ። በቅሎዋ ጆሮዋን ወደ እሳቸው መለሰች፤ ሰምታለች። ወደ እኔ ዞረው ደግሞ ሌላ ነገር ተናገሩ። እኔ ራሴን ነቀነቅኩ። ልማድ ነዋ!

«ከሰማሽማ ለምን አትመለሺም?» አሉኝ።

በቅሎዋ ወደ ኋላ አልሄድም አለች። ስለዚህ እኔ ሄድኩ። በእጄና በጉልበቴ፣ ጣውላውን በአዲሱ ቀሚሴ እየወለወልኩ። እሷ ከፊት ከፊቴ እየተከተለችኝ፣ አንድም ጊዜ ዓይኗን ሳትነቅል። ምሕረት አንድ ሰከንድ አላመለጣትም።

ዳር ወጣን። ሽማግሌው ትንፋሼ እስኪመለስ ጠበቁኝ።

«ወዴት ነሽ ልጄ?»

«አስራት ቤት።»

በቅሎዋን አዩ። እኔን አዩ።

«አባቱ ነኝ። ከሚኒባሱ መውረጃ ልቀበልሽ እየመጣሁ ነበር። በቅሎዋ ላንቺ ነበረች፣ በእግርሽ እንዳትደክሚ ብዬ።»

በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

«ሲሻገሩት ልዩ ስሜት ይሰጣል ብለሽ የጻፍሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ አባባ።»

«እውነትሽን ነው» አሉ፣ ሳይስቁ።

ከዚህ በኋላ ምን እደብቃለሁ? «አባባ፣ ተሻግሬው አላውቅም። ካፊኖኖም አልሰማም። አስራትን ዋሽቼው ነው» አልኳቸው። አልቆልኛል ብዬ ነበር፣ ሚኒባሱ ስንት ሰዓት እንደሚመለስ ሁሉ አስቤያለሁ።

«አይቻለሁ» አሉ።

በቅሎዋን አዙረው አስቀደሟት። እኔን ጅራቷን አስያዙኝ። እሳቸው ከኋላዬ ሆኑ። ድልድዩ ገና ሲነቃነቅ «አይዞሽ!» ሲሉ ሰማሁ።

ለማናችን እንደሆነ አልጠየቅኩም። ሁለታችንም ሄድን።

ቤት እንደደረስን አባትየው ለተሰበሰበው ቤተሰብ በካፊኖኖ ረዘም ያለ ነገር ተናገሩ። ቤቱ በሳቅ አለቀ። እናትየው ሳይቀሩ! እኔ ዛሬ ራሴን አልነቀነቅኩም። ሰው ሁሉ እየሰማ አስራትን «ምን አሉ?» አልኩት።

አየኝ። ገባው። መጀመሪያ ከፋው፣ ፊቱ ላይ አየሁት። ቀጥሎ ግን ሳቁ አሸነፈውና ተረጎመልኝ።

«በቅሎዋ ሁለት ዓመት ፈጅቶባታል። ለዚችም ሁለት ዓመት እንስጣት ነው ያሉት።»

ተቀበሉኝ ማለት ነው አይደል? ያውም ቀነ ገደብ ተቆርጦልኝ!

ካፕሽኑን አልቀየርኩትም። ልዩ ስሜት ይሰጣል፤ አሁን ምስክር አለኝ። ይልቅ ካፊኖኖ የሚያስተምር ታጋሽ ሰው የምታውቁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። በቅሎዋ ሁለት ዓመት ቀድማኛለች። እደርስባት ይሆን?