የግራ እጅ ቢላዋ

ፕላስቲክ እጀታ ያለው ቢላዋ ባለቤቱን አያውቅም። ዕድሜ ልክህን ጨብጠኸው ነገ ለጎረቤት ብታውሰው ቅር አይለውም። ባለ እንጨቱ ግን ሌላ ነው። የወይራ እጀታ ላብህንና ቅባትህን እየጠጣ፣ አውራ ጣትህ ያረፈበት እየጎደጎደ፣ እያደር የገዛ መዳፍህን ይመስላል። እኛ የወላይታ ሶዶ ሰዎች ለዚህ ነገር ልባችን ስስ ነው። በዘመን መለወጫችን በጊፋታ፣ ተዋጥተን የገዛነው በሬ ታርዶ፣ ጥሬው ኮባ ላይ ተዘርግቶ፣ ዳጣው ገና ሳይቀመስ ዐይን እያስለቀሰ፣ ማንም አይቆርጥም። መጀመሪያ ቢላዋ ይደነቃል። ሁሉም የየራሱን አውጥቶ ዙሪያውን ያስተላልፋል፤ ይዳሰሳል፣ ይመዘናል፣ "የበዴሳ አንጥረኞች ሥራ ነው፣ አይደለም" እየተባለ ጭቅጭቅ ይነሣበታል። ሥጋው ይጠብቃል። ምን አማራጭ አለው?

የዚህ ሸንጎ ዳኛ ጎረቤቴና የቅርጫ ጓደኛዬ ጋሼ ማዳልቾ ናቸው። የእህቴ ልጅ እስራኤል፣ ልጃቸውን ምሕረትን ወድዶ ሽማግሌ ሊልክ መሆኑን ሲሰሙ፣ "ሽማግሌው ይቆይ። መጀመሪያ ጊፋታ ዕለት ከጎኔ ተቀምጦ ይብላ፤ ቢላዋውን ልይ" አሉ።

እስራኤል አዲስ አበባ ያደገ ልጅ ነው፤ ሥጋን የሚያውቀው በሹካ ነው። ሱቅ ሄጄ አዲስ ቢላዋ ልግዛ ቢለኝ ሳቄ መጣ። አዲስ ቢላዋ ይዞ ጋሼ ማዳልቾ ፊት መቅረብ፣ ሰው የሆንኩት ትናንት ነው ብሎ እንደ መናገር ነው። ስለዚህ የኔን፣ ዘመን የጠገበውን ባለ ወይራ እጀታ ሰጠሁት። ለራሴ ከሚስቴ ኩሽና ቀይ ፕላስቲኩን አነሣሁ። ውርደቴ ለምሕረት ሲባል ነው።

ጊፋታ ዕለት ቢላዋው ዞሮ ዞሮ ጋሼ ማዳልቾ እጅ ገባ። ዐይናቸውን ጨፍነው እጀታውን ዳበሱት። እንደገና ዳበሱት።

"አንተ ልጅ፣ ግራኝ ነህ እንዴ?"

ግራኙ እኔ ነኛ! ግራኝ መሆኔን ረስቼው ነበር ብል ታምኑኛላችሁ? ሰው የገዛ እጁን መቼ ያስታውሳል። እስራኤል እኔን አየ፤ ከዚያ ዳጣ ይዛ በሩ ላይ የቆመችውን ምሕረትን አየ።

"አዎ" አለ፣ "ከልጅነቴ ጀምሮ።"

ከዚያ በኋላ ያየሁትን ለጠላቴም አልመኝም። የሙዳውን ጫፍ በጥርሱ ነክሶ፣ በቀኙ ወጥሮ፣ በዚያ ምንም በማያውቅ ግራ እጁ ከአፉ ሥር ይገዘግዝ ጀመር። አፍንጫው መትረፉ የእግዚአብሔር ሥራ ነው። ስለቱ አንዴ ሸርተት አለና ያሰረውን ክራባት ከመሀሉ ቆርጦ ዳጣው ውስጥ ጣለው። እስራኤል ግን ምሕረትን ቀና ብሎ አየና መገዝገዙን ቀጠለ።

ጋሼ ማዳልቾ ክራባቱን ከዳጣው አውጥተው ለድመቷ ወረወሩላት። "ሽማግሌዎቹ ይምጡ" አሉ።

ተጋቡ። ሙሽራው አማቱ እያዩ የጋብቻውን ወረቀት በግራ እጁ ፈረመ፤ ፊርማው ዶሮ የጫረችው ይመስል ነበር። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእስራኤል ውሸት ግን እያደር ከበደ።

በዓመቱ ጊፋታ ጋሼ ማዳልቾ ገለል አድርገው በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ሰጡኝ። አዲስ ቢላዋ፣ ባለ ወይራ እጀታ። ስጨብጠው ለግራ እጄ የተፈለፈለ ነው።

"ያኛው ለአማቼ ይሁን፤ ይኼ ያንተ ነው።"

"ያውቁ ነበር?"

"ጊፋታ በመጣ ቁጥር በግራ ክርንህ ጎኔን ስትወጋኝ ኖረህ፣ ቢላዋህን ላጣው ነው?"

"ታዲያ ልጅዎን እንዴት ሰጡት?"

"ክራባቱ ሲቆረጥ ክራባቱን አላየም፤ ልጄን ነው ያየው።" ወደ ኮባው ተመለከቱ። "ግን እንዳትነግረው። ያፍራል፤ ለኔም አማች ሲያፍር ማየት ደስ አይለኝም።"

አልነገርኩትም፤ ቢላዋው እጄ ላይ በጣም ተስማምቶኛል። እናንተም ሶዶ ብትመጡ እንዳትነግሩት። እስራኤል ዛሬም አማቱ ባሉበት ሁሉ በግራው ይገዘግዛል። ክራባት ማሰር ግን ትቷል።