ቴስተር በር ላይ የሞተውን የጭነት መኪና ያስነሡበት ዜና

ጋራዡ በተከፈተ በአሥራ ዘጠነኛው ዓመት፣ ጄነሬተሩ በነገሠ በአራተኛው፣ ሥይምተ ሽቦ ወፊውዝ ቴስተር ከአምፖል ቅየራ ወደ ኮምፒውተር ጥገና ከፍ ባሉ በስድስተኛው ወር፣ በዕለተ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት የሆነው ነገር ይህ ነው። ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ሲሆን፣ ቴስተር መባላቸው የኤሌክትሪክ መፈተሻቸውን ከጆሯቸው ላይ ስለማያወርዱ ነው። ዕድሜያቸው ሃያ አራት፣ ድምፃቸውም እንደ ትንኝ የቀጠነ፣ ዓይነ አፋርነታቸው ደግሞ እጅግ የበረታ ስለ ነበረ፣ ቃላቸውን በጉባኤ ፊት የሚያሰማላቸው የጋራዡ በያጅ ነበረ፤ እርሱም ሲያንሾካሹክ እንኳ ጎረቤት «አቤት» የሚለው ሰው ነው።

በዚያችም ዕለት ሲሚንቶ የጫነ ባለ አሥር ጎማ መኪና ፍሬኑን ሊያስፈትሽ ወደ ጋራዡ ሲገባ፣ ፊቱ ከውስጥ፣ ጀርባው ከውጭ ሳለ፣ በበሩ መካከል ሁለት ጊዜ አስነጠሰና ሞተ። ሰው በጎድኑ ካልሆነ በቀር የሚያልፍበት ስላልነበረ፣ ከውስጥ ያለው መኪና ሁሉ ተከበበ። የተከበቡትም፦ ሁለት ታክሲዎች ከነሾፌሮቻቸው፣ ቀለሟ ያልደረቀ አንዲት የቤት መኪና፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የትምህርት ቤቱ ቢጫ አውቶቡስ።

የጋራዡ ጌታ፣ የቴስተር የእናታቸው ወንድም፣ ይህን ባዩ ጊዜ ጎማ ክምር ላይ ወጥተው እንዲህ ሲሉ ዐወጁ፦

«ስሙኝማ! ልጆቹ ዘጠኝ ሰዓት ይወጣሉ፤ አውቶቡሱ እዚህ ታስሯል። ይሄ መኪና እስከ ስምንት ተኩል ካልተነሣ በክሬን አስጎትታለሁ፣ በሩም ይፍረስ! አንቺም የእህቴ ልጅ፣ ኮምፒውተር ምናምን የምትይውን ትተሽ ወደ አምፖልሽ ትመለሻለሽ። ለዘመዱ አደላ ተብዬ ስሜ አይጠፋም። አበቃሁ!»

ቴስተርም ስድስት ወር ሙሉ አምፖል አለመቀየራቸውን በልባቸው እንደ ዘውድ ይዘውት ነበር። ወደ ጋቢናውም ወጥተው መሪው ሥር ያለውን አጽድተው ላፕቶፓቸውን ሰኩ፤ ከዚያም ወርደው በሞተሩ ጎን የታሰረውን ኮምፒውተር ፈቱ። ይህም ናፍጣ መቼና ስንት እንደሚረጭ ሞተሩን የሚያዝ፣ መጽሐፍ የሚያክል የብረት ሣጥን ሲሆን፣ ውኃ ገብቶበት ሆዱ አረንጓዴ ዝጎ ተገኘ። በስልክ የተጠራ መለዋወጫ ሻጭም አዲሱን ይዞ በስድስት ሰዓት በጎድኑ ገባ፤ ያን ጊዜም በያጁ የቴስተርን ቃል ሰምቶ ወደ ጉባኤው ዞረ፦

«ቴስተር እንዲህ ትላለች! የባትሪው ገመድ ተፈቷል፣ ማንም እንዳይነካ! ሶኬቱን በእርጥብ እጅ የያዘ ወዮለት! እስክትጨርስም ድረስ ብየዳ የሚባል... ቆይ፣ ይሄ እኔን ነው እንዴ?»

እንዲህም ወደ ሥራው ዘመቱ። ጎማ ሠሪው ባትሪ ተሸክሞ፣ ቀለም ቀቢው ጨርቅና አልኮል ይዞ፣ ሁለቱ ታክሲ ነጂዎች ምክር ብቻ ይዘው ተከተሏቸው። ቴስተርም የሶኬቱን እግሮች አንድ በአንድ በብሩሽ አጠቡ፣ አዲሱን ሣጥን በአራት ብሎን አሰሩ፣ የመኪናውን የቀድሞ ጠባይ ሁሉ ከላፕቶፑ ጫኑበት፤ በስምንት ሰዓትም ቁልፉ ይዞር ዘንድ አዘዙ። ቁልፉም ዞረ። መኪናው ዝም አለ። ላፕቶፑም ቁልፉን እንደማያውቀው በቀይ ጻፈ።

የጋራዡ ጌታ ሰዓታቸውን አዩ። የጭነት መኪናው ሾፌርም ላብ አጠመቀውና ከጋቢናው መርገጫ ላይ ቆሞ ዐወጀ፦

«ወገኖቼ፣ እኔ ልናዘዝ! ይሄ ቁልፍ ቅጂ ነው፤ ዋናው ከተሰበረ ሁለት ዓመቱ። መኪናው ቁልፉን የሚለይባት ቺፕ አለች፣ የገብስ ፍሬ የምታክል፤ እሷን አውጥቼ መሪው ሥር በፕላስተር ለጥፌያታለሁ። እሷ ካለች በማንኪያም ይነሣ ነበር! አሁን ግን ብዳስስ ብዳስስ የለችም!»

ቴስተር ይህን በሰሙ ጊዜ የጠዋቱ ሥራቸው ትዝ አላቸው። ጠዋት ላፕቶፑን ሊሰኩ ሲሉ፣ ንጽሕና ወዳጅ ናቸውና፣ መሪው ሥር የጠቆረ የፕላስተር ጉብታ አግኝተው፣ በጥፍራቸው ልጠው ቆሻሻ በርሜል ውስጥ ጥለውት ነበር። ይህንንም ማንም አላየም። ጥፋቱ ሁሉ በሾፌሩ ላይ ሊቀር ይችል ነበር፤ ታክሲ ነጂዎቹም ስድብ ሊያወርዱበት ጀምረው ነበር። ቴስተር ግን በበያጁ ጆሮ አንሾካሾኩ። በያጁም ከተፈጠረ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ ጠፋበት፤ ራሱን ነቀነቀ፣ ይህን አልጮኽም አለ። ስለዚህ ሥይምተ ሽቦ ወፊውዝ ራሳቸው ጎማ ክምሩ ላይ ወጡ፤ እንደ ትንኝ በቀጠነው ድምፃቸውም ዐወጁ፦

«እኔ ነኝ። ቆሻሻ መስሎኝ ላጥኳት። ሾፌሩን ተዉት። በርሜሉ ውስጥ ናት፣ እባካችሁ ፈልጉልኝ።»

ወእምዝ በርሜሉ ተገለበጠ። ከሆዱም የዘይት ጨርቅ፣ ያረጀ ፊልትሮ፣ የዳቦ ቅርፊት፣ ነጠላ ጫማ ወጣ፤ ጎማ ሠሪውና ቀለም ቀቢው ዓመት ሙሉ የተኳረፉበት አሥራ አራት ቁጥር የብሎን መፍቻም ወጣና በዚያው እርቅ ወረደ። ቺፗ ግን ጠፋች። ሁሉም ተንበርክኮ መሬቱን ሲዳብስ፣ የጋራዡ ጌታ በቁጣ ወዲያና ወዲህ ሲመላለሱ፣ አንዲት ጠርዟ የተነሣ ፕላስተር ከጫማቸው ሥር ቸክ ቸክ ስትል ተሰማች። እግራቸውንም ያነሡላቸው ዘንድ አራት ሰው አስፈለገ፤ ማመን አልፈለጉምና።

ቺፗም ወደ መሪው ሥር ተመለሰች፣ ከአዲሱ ሣጥን ጋርም ተዋወቀች፤ ስምንት ሰዓት ከሃያ አምስት ሲል ሞተሩ አጉረመረመ፣ ጢሱን ተፋ፣ መኪናው በሩን ለቀቀ። ቢጫው አውቶቡስም ጥሩንባውን እየነፋ ወደ ልጆቹ ወጣ። ያን ጊዜ የጋራዡ ጌታ የመጨረሻውን ዐዋጅ ተናገሩ፦

«ያልኩትን ብያለሁ፣ አሁን ግን ሰምቻለሁ! ኮምፒውተር ያለበት ሁሉ የእህቴ ልጅ ነው። አምፖል የሚቀየር ካለ እኔን ጥሩኝ። ምን ያስቃችኋል?»

ሰላም ለጣቶቻቸው፣ ሠላሳ ስድስት እግር ያለውን ሶኬት አንዱን እንኳ ሳያጣምሙ ለሰኩት። ሰላም ለዓይኖቻቸው፣ ዝገቱን በሣጥኑ ሆድ ላዩት። ሰላም ለድምፃቸው፣ ቀጥኖም ላልከዳቸው። የመኪና ኮምፒውተር የቀየሩ በየአገሩ ብዙዎች ናቸው፤ ማንም ሳያያቸው ያጠፉትን ጎማ ላይ ወጥተው «እኔ ነኝ» ያሉ ግን፣ ጋራዡ ከተከፈተ ጀምሮ፣ ቴስተር ብቻ ናቸው።