በሰው ስም የጻፍሁት ፈቃድ

አንድ ጊዜ አይቼው በማላውቀው ሰው ስም ፈቃድ ጽፌያለሁ። ሰውየው አልሞተም፣ አልታመመም፣ ውክልናም አልሰጠኝም። ዝም ብሎ ብቻ አልመለሰልኝም። ዝምታውን እንደ እሺታ ቆጠርሁትና እሺታውን በገዛ እጄ ጻፍሁለት።

ቶሎ አትፍረዱብኝ እንጂ፣ እኛ ሰፈር ስለ ሌላ ሰው መመለስ ያን ያህል ነውር አይደለም። በስብሰባ ላይ ስም ሲጠራ በቀረ ጎረቤቱ ፋንታ «አለ!» ብሎ የማያውቅ ካለ እጁን ያውጣ። እኔማ በእድራችን ባንድ ቀን ለሦስት ሴቶች፣ ድምፄን እየቀያየርሁ፣ «አለሁ» ብያለሁ። ጸሐፊው ቀና ብሎ አየኝና «ዛሬ ሴቶቹን ሁሉ ጉንፋን ይዟቸዋል መሰለኝ» አለ፤ ከዚያም ምልክቱን አደረገ። ለጎረቤት የተዋሸ ውሸት እኛ ዘንድ ከውሸት አይቆጠርም፤ ጉርብትና ነው። የእኔ ጥፋት ይህን ልማድ ይዤ ኮምፒውተር ውስጥ መግባቴ ነው።

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ኮምፒውተር አስተምራለሁ። ከማስተማሩ በሚተርፈኝ ሰዓት ለአንድ የነፃ ሶፍትዌር ስርጭት ፕሮግራም አሽጋለሁ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ በየአገሩ የተበተንን፣ መልክ ለመልክ የማንተዋወቅ ፈቃደኞች፣ ማንም እንዲጠቀምባቸው የተፈቀዱ ፕሮግራሞችን እየመረመርን፣ እየፈተሽን፣ አንድ ላይ እናዘጋጃለን፤ የፈለገ ሰው ሁሉንም በዲስክ ወስዶ ይጭናቸዋል። ኢንተርኔት ለሌለው ትምህርት ቤት ከዚህ የተሻለ ነገር የለም።

ማሸግ ሲባል ቀላል ይመስላል። አይደለም። ፕሮግራም ብቻውን አይመጣማ! ለሠርግ አንድ ሰው ትጠራላችሁ፤ እሱ እህቱን ይዞ ይመጣል፣ እህቱ ባሏን፣ ባሏ የሥራ ባልደረባውን፣ ባልደረባው ደግሞ መናኸሪያ ያገኘውን የአገሩን ልጅ። አንዱ ከጎደለ ሁሉም አኩርፈው ይመለሳሉ። ፕሮግራምም እንዲሁ ነው፤ በሌሎች ትንንሽ ፕሮግራሞች ላይ ተደግፎ ነው የሚቆመው። እናንተ ሠርገኛውን ሁሉ ዝም ብላችሁ ታስገባላችሁ። የእኛ ስርጭት ግን እያንዳንዱን በር ላይ ያቆመዋል። ማን ነህ? ማን ሠራህ? የሠራህ ሰው በጽሑፍ ፈቅዷል?

እኔ የጠራሁት እንግዳ አማርኛ ጽሑፍ ጮክ ብሎ የሚያነብ ፕሮግራም ነበር። የጠራሁትም ለመምህር አለነ ነው። መምህር አለነ ቡሬ ውስጥ ታሪክ ያስተምራሉ፤ ዓይናቸው አያይም። ትምህርት ቤታቸው ከመስከረም ጀምሮ የተማሪ ሥራ ሁሉ በኮምፒውተር እንደሚሆን አስታወቀ። በራሳቸው ማንበብ ካልቻሉ ከክፍል ወጥተው ቤተ መጻሕፍት ሊመደቡ ነው። አስቡት፤ ማየት ለማይችል ሰው መጻሕፍት ጠብቅ ሲባል!

እንግዳዬ አርባ አንድ አጃቢ ይዞ መጣ። ክረምቱን ሙሉ አንድ በአንድ አሸግኋቸው። አርባው አለፉ። አርባ አንደኛው አሥራ አንድ መስመር ብቻ የሆነ፣ ቁጥርን ወደ ቃል የሚለውጥ ነገር ነው፤ «25» ሲያይ «ሃያ አምስት» ይላል። የሠሪው ስም አለበት፣ ፈቃድ የለበትም። ለባለቤቱ ሦስት ጊዜ ጻፍሁ። ዝም። የስርጭቱ አዲስ እትም የሚዘጋበት ቀን ደረሰ። ያኔ ነው «ማንም ሰው እንዲጠቀምበት ፈቅጃለሁ» ብዬ ጽፌ በሥሩ የሰውየውን ስም ያስቀመጥሁት። ሥራችንን የምትመረምረው፣ አገሯን የማላውቃት ሴት፣ አየችና «ንጹሕ ሥራ ነው» ብላ አሳለፈችው።

ንጹሕ!

መስከረም ላይ ቡሬ ሄጄ ጫንሁላቸው። ማሽኑ ሁለተኛውን የተማሪ ጽሑፍ ሲያነብ መምህር አለነ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙና «ይኼ ልጅ ከጓደኛው ነው የገለበጠው» አሉ። ተማሪዎቹ ሳቁ፤ ገልባጩም ሳቀ። ክፍላቸው አልተወሰደባቸውም። ሕሊናዬም ውጤቱ አምሮ ሲያይ ጊዜ ጋደም አለ። ደስ የሚል ዓመት ነበር።

ሰኔ ላይ ደብዳቤ መጣ። ከሰውየው። ቁጣ የለበትም፤ ቁጣ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር። «የድሮ ሥራዬን ስርጭታችሁ ውስጥ አገኘሁት፤ በስሜ የተጻፈ ፈቃድም አየሁ። መጻፌ ትዝ አይለኝም። የረሳሁት እኔ ነኝ ወይ?» ይላል።

«አዎ፣ ረስተኸው ነው» ብል ያልቃል። እውነቱን ብናገር ፕሮግራሙ ከመጪው እትም ይወጣል። የቡሬው ትምህርት ቤት ደግሞ ኮምፒውተሮቹን ሁሉ በክረምት በአዲሱ እትም ሊቀይር ነው፤ ያኔ የመምህር አለነ አንባቢ ዝም ይላል። አራት ቀን አሰብሁና በአምስተኛው ቡሬ ወረድሁ።

ግቢው ውስጥ ባሕር ዛፍ ሥር ተቀምጠን ሁሉንም ነገርኋቸው።

«ሰውየው እሺ ብሎሽ ነበር?» አሉኝ።

«አላለኝም።»

«እምቢስ?»

«እምቢም አላለኝ።»

«እንግዲያ ባለቤቱ አንች ነሽ በይኛ!»

«ለእርስዎ ብዬ እኮ ነው መምህር።»

«ተይ እታለም፣ እኔን አታስገቢኝ። እኔ አንባቢ ነው የፈለግሁ፤ ግብረ አበር መሆኔን ማን ነገረኝ?»

«ከወጣስ? ቤተ መጻሕፍት ሊያስገቡዎት እኮ ነው።»

«እገባለኋ! መጽሐፍ ሲጠፋ ‹አላየሁም› እላለሁ፤ ማን ይከሰኛል?» ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን ቆረጥ አደረጉና «በይ አሁኑኑ ጻፊለት። እኔ እዚሁ ነኝ» አሉ።

ጻፍሁ። ለሰውየውም ለመርማሪዋም። ሰውየው በሁለተኛው ቀን መለሰ፦ «ሦስቱ ደብዳቤዎችሽ በማልከፍተው የኢሜይል አድራሻ ነበር የቆዩት። ባገኛቸው እፈቅድልሽ ነበር። አሁን ግን ሥራዬንም ስሜንም አውጭልኝ።» መርማሪዋም ፕሮግራሙ ሌላ ቁጥር አንባቢ እስኪያገኝ ከመጪው እትም እንደወጣ፣ እኔም የማሽገውን ሁሉ ከእንግዲህ ሁለተኛ ሰው እንደሚያየው ነገረችኝ። ይገባኛል።

ለመምህር አለነ ደውዬ ቁጥር አንባቢውን ከባዶ መጻፍ እንዳለብን ነገርኋቸው።

«እታለም፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ እንዳትቀየሚኝ።»

«ይንገሩኝ።»

«ያ ቁጥር አንባቢሽ ገሎኛል። እኔ የታሪክ መምህር ነኝ፤ ከዓመተ ምሕረት ሌላ ምን አለኝ? ‹አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ስልሳ ስድስት› ብሎ እስኪጨርስ ልጆቹ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። ‹ስልሳ ስድስት› ማለት ምን ነበረበት? የርእሰ መምህሩን ስልክ ቁጥርማ በሚሊዮን ነው የሚነግረኝ!»

«ታዲያ ዓመቱን ሙሉ ምነው ዝም አሉኝ?»

«ደክመሽበት! በምን አፌ?»

እንግዲህ ያሳደረን ይሉኝታ ነው። እኔ ለእሳቸው ብዬ ሰረቅሁ፤ እሳቸው ለእኔ ብለው የተሰረቀውን ቻሉት።

ሦስት ቅዳሜ ቡሬ ተመላለስሁ። የሰውየውን ጽሑፍ ዳግመኛ አልከፈትሁም። እሳቸው ሰው ቁጥርን እንዴት እንደሚጠራ ይነግሩኛል፣ እኔ እጽፋለሁ። ዓመት ሲሆን አጠር፣ ስልክ ሲሆን ነጠል ነጠል። ፈታሹ ራሳቸው ናቸው፤ ከአንድ እስከ ሺህ ተቀምጠው አዳመጡ። አንዲት መምህርት በመስኮት ብቅ ብላ «ምን ጠፍቶባችሁ ነው የምትቆጥሩት?» አለችን። ሥራው ሲያልቅ ስማቸውን ከስሜ ጋር በፈቃዱ ላይ ላስቀምጥ ጠየቅኋቸው። መልስ አልሰጡኝም። ደግሜ ጠየቅሁ። ዝም። በሦስተኛው «ፈቅጃለሁ፤ አሁን ጻፊ» አሉ።

ጻፍሁ። ሁለተኛው ሰውም አየው፣ መርማሪዋም አሳለፈችው፣ አዲሱም እትም ሳይዘጋ ደረሰ። መምህር አለነ ዘንድሮም ክፍላቸው ውስጥ ናቸው፤ ዓመተ ምሕረቱም ከተማሪው እንቅልፍ በፊት ይደርሳል። ደስ ብሎኛል፤ አልዋሽም።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። ያንን የአምናውን እትም በደስታ ብዛት በዲስክ እየገለበጥሁ ለጠየቀኝ ሁሉ ሰጥቻለሁ። ከጅጋ የወሰዱት መልሰውልኛል። ገበዝ ማርያም ከተማ የሄዱት ዲስኮች ግን ከእጅ ወደ እጅ አልፈው የት እንደደረሱ አይታወቅም። ምናልባት አንዱ እናንተ ዘንድ ይሆናል። ከሆነ፣ ማንም በማይከፍተው አንድ የዲስኩ ማኅደር ውስጥ፣ አንድ ሰው ያላለው ቃል በስሙ ተጽፎ ተቀምጧል። የጻፍሁት እኔ ነኝ። ሳታውቁ ውሸቴን ቤታችሁ አስገብቻለሁና ይቅር በሉኝ።