ፈጥኜ የተሸነፍኩ ዕለት

የእኛ ሰው ስለ ራሱ ሲጠየቅ የሚመልሰው ሁሉን ነገር ቀንሶ ነው። አንጀቱ በረሃብ እየጮኸ «ኧረ አሁን ነው የበላሁት» ይላል። እዚህ አትላንታ፣ ታከር ውስጥ አምስት መኝታ ቤት ያለው ቤት የገዛ ወዳጄን እንኳን ደስ ያለህ ብለው «መጠለያ ቢጤ ነች» አለኝ። መጠለያዋ መዋኛ ገንዳ አላት። ልጇ የልብ ሐኪም የሆነላት ጎረቤታችን ደግሞ ልጅሽ ምን ይሠራል ሲሏት «እዚያው ሆስፒታል አካባቢ ነው» ትላለች። የሆስፒታሉ ዘበኛም እዚያው አካባቢ ነው። ይህን ጠባይ ትሕትና እንለዋለን። ጉራ ነውር ነው፣ ዓይንም አለ፤ ስለዚህ ያለንን ደብቀን፣ የምንችለውን ቀንሰን እንኖራለን። ክፉ ጠባይ ነው አልልም። እኔን ግን አጥፍቶኛል፤ እንዴት እንዳጠፋኝ ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

በዚህ አገር ከእኔ በዕድሜ የሚበልጡ መኪኖችን ከየጓሮው ዝገት እያወጡ፣ ሞተራቸውን ፈትተው ገጥመው፣ ቀለም ቀብተው ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሽቀዳደሙ ሰዎች አሉ። ሁለት ሁለት እየሆኑ አንዲት ቀጥ ያለች አጭር መንገድ በጥቂት ሰከንድ ይጨርሳሉ፣ ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ ስለዚያች ጥቂት ሰከንድ ያወራሉ። አብዛኞቹ ሽበታም አሜሪካኖች ናቸው። የሚሰበሰቡት ጉርምስናቸው ናፍቋቸው ስለሆነ ውድድሩንም የናፍቆት ውድድር ይሉታል። እኔ እነሱ ሲጎረምሱ አልተወለድኩም። ሌላው ስደተኛ ያገሩን ይናፍቃል፤ እኔ የሰው ናፍቆት ተውሼ፣ ያልኖርኩበትን ዘመን እየናፈቅኩ ስንት ዓመት አለፈኝ። የራሱ ናፍቆት ያልጠቀመውን ሰው የተውሶው ይጠቅመዋል ብሎ የሚያስብ ማን ነው? እኔ ነኝ።

ሥራዬ ዕቃ ማድረስ ነው። አንድ ቀን አቮንዴል እስቴትስ ውስጥ ካርቶን ላደርስ የገባሁበት ግቢ፣ ሸራ ተከናንባ የቆመች መኪና አየሁ። ጎማዋ ተንፍሷል፣ ወንበሯ ውስጥ አይጥ ወልዷል፣ ግንባሯ ግን የወይዘሮ ግንባር ነው። ባላቸው የሞቱባቸው አሮጊት ውሰድልኝ አሉኝ። ወሰድኩ። አራት ዓመት ሙሉ ከሥራ መልስ ጋራዥ ውስጥ ከሥሯ በጀርባዬ ተኝቼ ሠራኋት። ባለቤቴ ጽጌ «ጣውንቴ» ብላ ስም አወጣችላት። «ዛሬ የማን ተራ ነው፣ የእኔ ነው የጣውንቴ?» ትለኝ ነበር። የምትቀልድ መስሎኝ እስቅ ነበር።

ሠርቼ ከጨረስኩ በኋላ ሦስት ዓመት ተወዳደርኩባት። በሦስት ዓመት ውስጥ አንድም ጊዜ፣ በስህተት እንኳ፣ አላሸነፍኩም። እዚያ የገና ዛፍ የሚሉት ባለ ብዙ አምፖል ምሰሶ አለ፤ አረንጓዴው ሲበራ መርገጥ ነው። እኔ አረንጓዴው ሲበራ ገና እያማተብኩ ነኝ። አሜን ብዬ ቀና ስል ሰውየው ሄዷል።

ታዲያ በሦስተኛው ዓመት የጽጌ እናት ቪዛ አገኙ። ጽጌ እናቷን ካየች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ቤታችን ሁለት መኝታ ቤት ነው፤ አንዱ የእኛ፣ ሌላው የልጃችን የሶስና። ሶስና እዚህ ያደገች፣ ቁጥር እየተነተነች ከነፒጃማዋ ቤት ውስጥ ሆና የምትሠራ ልጅ ናት። የቀረው ጋራዡ ነው። ጽጌ ጋራዡ ግድግዳና መስኮት ይውጣለትና የእናቴ ክፍል ይሁን አለች። እኔ መኪናዋስ የት ትሁን አልኩ። እዚህ ላይ ቤታችን ውስጥ የተነገረውን ሁሉ አልደግምም፤ በመጨረሻ ሽማግሌ ተቀመጠ ብል ይበቃል። አዎን፣ በሕጋችን ባልና ሚስት ሲጣሉ እንደሚቀመጠው፣ በአንዲት አሮጌ መኪና ምክንያት ሦስት ሽማግሌ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሳሎናችን ተቀመጠ።

ሰብሳቢው ጋሽ በላቸው ነበሩ። ክላርክስተን ውስጥ የመጀመሪያ አፓርታማችንን ስንይዝ ፍራሽ ተሸክመው ያስገቡን፣ የሁላችንም አባት ናቸው። ሁለታችንንም ሰሙና ፈረዱ። የዘንድሮው የመጨረሻ ውድድር ላይ አንድ ዙር ካሸነፈ መኪናዋ ትቀመጥ፣ ለእናትየው ሌላ መላ እንመታለን፤ ካላሸነፈ ትሸጥና ጋራዡ ክፍል ይሁን። አንዲት ዙር ብቻ። ፍርዱ ለእኔ ያደላ ይመስላል፤ ግን ጋሽ በላቸው የሦስት ዓመት ታሪኬን ያውቃሉ። ደግሞ በእኔ ቃል ብቻ እንዳይወሰን እሳቸው ራሳቸው ምስክር ሆነው ሊመጡ ተስማሙ።

ቅዳሜ ክራቫት አስረው መጡ። እኔ፣ እሳቸውና የሩጫ ሰዓቴን በሠንጠረዥ የምትይዝልኝ ሶስና ከከተማ ወጥተን አንድ ሰዓት ነድተን መወዳደሪያው ትራክ ደረስን።

አሁን የውድድሩን ሕግ ካልነገርኳችሁ መከራዬ አይገባችሁም። መኪኖቹ እኩል ጉልበት የላቸውም። ስለዚህ እያንዳንዱ ነጂ መኪናዬ ይህን ያህል ሰከንድ ይፈጅባታል ብሎ በነጭ የጫማ ቀለም መስተዋቱ ላይ ይጽፋል። ብዙ ሰከንድ የጻፈው ደካማ ነውና ቀድሞ ይለቀቃል፤ ጉልበተኛው በልዩነቱ ያህል ቆሞ ይጠብቃል። እንዲህ ከሆነ ማን እውነቱን ይጽፋል ትሉኛላችሁ። ለዚያም መላ አላቸው። ከጻፍከው ሰከንድ ፈጥነህ ከገባህ፣ አንደኛም ብትወጣ፣ ተሸንፈሃል። አያችሁልኝ? ከሚችለው በላይ እችላለሁ ያለ ይቀደማል፣ ከሚችለው በታች ያለ ደግሞ ይባረራል። ትሕትናን በሕግ የሚቀጣ ስፖርት ከዚህ ሌላ ያለ አይመስለኝም፤ እኔ ደግሞ ከዓለም ስፖርት ሁሉ መርጬ የገባሁት እዚህ ነው።

ጠዋት ለሙከራ ሁለት ጊዜ ሮጥኩ። ሁለቱንም በስምንት ሰከንድ ከአርባ መቶኛ ገባሁ። ሶስና ሠንጠረዧን አየችና «ዳድ፣ ኤይት ሠላሳ ስምንት ጻፍ። ዳታው ክሊር ነው፤ ፕሊስ ኦቨርቲንክ አታድርግ» ብላ የሚጠጣ ልትገዛ ሄደች። የሄደችው ለአምስት ደቂቃ ነው። አምስት ደቂቃ ብቻዬን መተው አልነበረባትም።

በዚህ መሐል ተጋጣሚዬ መጣ። ዌይን ይባላል፤ ሰባን የተሻገረ፣ ቁምጣ የለበሰ ረጅም ሽማግሌ ነው። መኪናዬን ዞሮ አየ፣ ኮፈኗን መታ መታ አደረገ፣ እንዲህ ያማረች አላየሁም አለ፤ እግዚአብሔር ይጠብቃት እንኳ ሳይል። ሁለት ጓደኞቹ ተጠግተው አደነቁ። ስንት ትሮጣለች ብሎ ጠየቀኝ። አፌ እኔን ሳያማክር ኧረ ምን ትሮጣለች፣ አርጅታለች አለ። የተናገርኩት በእንግሊዝኛ ነው፤ ሐሳቡ ግን የእናቴ ነበር። ከኋላዬ ጋሽ በላቸው «ደግ አደረግህ። ይሄ ሁሉ ዓይን እያለ» አሉኝ።

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። የጫማ ቀለሙን ይዤ መስተዋቱ ፊት ቆምኩ። ሦስቱ ሰዎች ቆመው ያዩኛል። አሁን በአፌ አርጅታለች ብዬ በእጄ ስምንት ከሠላሳ ስምንት ልጻፍ? ምን ይሉኛል? ሕጉን አላውቅም እንዳልል አውቃለሁ፤ ግን በሦስት ዓመት ውስጥ በመፍጠን ተከስሼ አላውቅም፣ ግብር የሀብታም ነው እንደሚል ድኻ ሕጉ አይመለከተኝም ነበር። ቢብስ መጨረሻው ላይ ፍሬን እይዛለሁ አልኩና ስምንት ከስልሳ ብዬ ጻፍኩ። ሃያ ሁለት መቶኛ ሰከንድ ጨመርኩ ማለት ነው። ሰው እንግዳ ሲመጣበት ከወንበሩ ትንሽ ፈቀቅ እንደሚለው ነው፤ ሌላ ምንም አላሰብኩም።

ያን ቀን አስቀድሜ አማትቤ ነበር። አረንጓዴው ሲበራ ረገጥኩ። መኪናዋ ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ይጠይቀኛል ብላ ስትጠብቅ የኖረች ይመስል ተነሣች። ዌይን ተራው ደርሶ ሲለቀቅ በኋላ ማሳያ መስተዋት ውስጥ ትንሽ ነገር ነበር። መስመሩ ሲቀርብ ሶስናን ከአጥሩ ጥግ አየኋት፤ መስተዋቴ ላይ የጻፍኩትን አይታ ኖሮ መጠጡን ጥላ ሁለት እጇን ወደ ታች፣ ወደ ታች ታደርጋለች። ቀስ በል ማለቷ ነው። እኔ ልጄ በሦስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ የምታጨበጭብልኝ መስሎኝ፣ እምባዬ መጣ፣ እግሬን ከነዳጁ ሳላነሣ ገባሁ። አንደኛ ገባሁ። በስምንት ሰከንድ ከሠላሳ ሰባት መቶኛ። የአሸናፊው መብራት በዌይን በኩል በራ።

«በቅሎ ገመዷን በጠሰች» ቢሉት «በራሷ አሳጠረች» አለ አሉ። ውጤቱን የያዘችውን ወረቀት ተቀብዬ መኪናዋ ውስጥ ቁጭ አልኩ። ከዚያ በፊት ደካማ ነኝ ብዬ ተጽናንቼ ነበር የምኖረው። ያን ቀን ግን ችዬ ነው የተሸነፍኩት፣ ይሄ መጽናኛ የለውም። መሪዋን ይዤ አለቀስኩ ብላችሁ አትዘኑብኝ፤ ትንሽ ነው ያለቀስኩት።

ቀና ስል ጋሽ በላቸው ክራቫታቸው ትከሻቸው ላይ ዞሮ እየሮጡ መጡ። መብራቱ አልገባቸውም። ያዩት ቀድሜ ስገባ ነው። አቅፈው ሳሙኝና ለጽጌ ስልክ ደውዬ ነግሬያታለሁ አሉኝ። «ባልሽ ቀድሞ ገብቷል፣ በዓይኔ በብሌኑ አየሁ፣ አልኳት።» እኔ ጋሽ በላቸው፣ ተሸንፌያለሁ እኮ አልኳቸው። ሳቁ። «ተው እንጂ ልጄ። ትሕትናህን አውቀዋለሁ። ዛሬ እንኳ ደስ ይበልህ።» በመንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ደገምኩላቸው። ሁለቱንም ጊዜ አስተዳደጌን አመሰገኑ።

ቤት ስንደርስ ጽጌ በር ላይ ቆማለች። እንኳን ደስ ያለህ አለችኝ፣ ፍርድ ፍርድ ነው አለች። ሶፋው ላይ ለእናቷ ክፍል የገዛችው መጋረጃ ታጥፎ፣ ደረሰኙ ላዩ ላይ ተቀምጧል። ልትመልሰው ነው። ዝም ማለት እችል ነበር። ምስክሩ ከእኔ ጋር ነው፣ ሽማግሌ ነው፣ ክራቫት አስሯል። ግን ያቺን የታጠፈች መጋረጃ ሳይ እናቴ ብትሆንስ አልኩ። ጽጌ፣ ተሸንፌያለሁ አልኳት። እሷም ሳቀች። «እሱን እንኳ ተወው፤ ጋሽ በላቸው አይተዋል።» አስቡት እንግዲህ፣ የምወዳት መኪናዬ እንድትሸጥብኝ በገዛ ቤቴ ተሟጋች ሆኜ ቆምኩ። ወረቀቷን አወጣሁ። ዌይን ስምንት ከሁለት መቶኛ፣ እኔ ስምንት ከሠላሳ ሰባት፤ የጻፍኩት ግን ስምንት ከስልሳ። ሶስናን ጥሪያት፣ ትንገርሽ አልኩ።

ሶስና «ማሚ፣ ሂ ዋዝ ቱ ፋስት። ከጻፈው በላይ ፈጠነ፣ ሶ ዲስኳሊፋይ አደረጉት» አለቻት።

ጽጌ ወረቀቷን አየች፣ እኔን አየች። «ሦስት ዓመት ቀስ ብለህ ተሸነፍክ፣ ዛሬ ፈጥነህ ተሸነፍክ። ሌላ የቀረህ የመሸነፊያ መንገድ አለ?»

ጋሽ በላቸው መነጽራቸውን ጠርገው እኔ የፈረድኩት ካሸነፈ ብዬ ነው፣ ባለ ሜዳዎቹ ተሸንፏል ካሉ ተሸንፏል አሉ። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ብለውም አከሉ። ለእኔ ሁለቱም ደርሶኛል።

የገዛት ዌይን ነው። ተጎታች ይዞ መጥቶ ጭኗት ሲሄድ መስኮቱን ዝቅ አደረገና ወዳጄ፣ ሌላ ጊዜ የሆነችውን ጻፍ አለኝ። የሌላውን ጊዜ መኪና ጭኖ እየሄደ ነው እንዲህ የሚለኝ። በክፋት አልነበረም። ባዶው ጋራዥ ውስጥ ገብቼ ወለሉ ላይ የቀረውን የዘይት ነጠብጣብ ቆሜ አየሁ፤ ማጽጃ ፈስሶበትም አልለቀቀም።

ክፍሉ ተሠራ። መስኮት ወጣ፣ መጋረጃው ተሰቀለ፣ ለአንድ ሰው የሚሆን አልጋ ዘይቱ ላይ ተዘረጋ። አማቴ መጡ። ጽጌ ክፍሉን ከፍታ ስታሳያቸው በሩ ላይ ቆመው በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ።

«ይሄ ሁሉ ለእኔ? ኧረ ተዉ ልጆቼ። ለአሮጊት ጥግ ትበቃኛለች። እዚያ ሳሎኑ ጥጋት አንጥፉልኝ።»

ጽጌ ፊቷ ተለዋወጠ። እናቴን ጥግ ላይ? ደግሞ ጋራዥ ነው መባሉን ሰምተው ይሆን? ቅር ብሏቸው ይሆን? ግማሽ ሰዓት ክርክር ሆነ። እሳቸው ጥግ ይላሉ፣ እሷ አይሆንም ትላለች፤ እሳቸው ዝቅ ባሉ ቁጥር እሷ ክፍሉን ከፍ ታደርጋለች። በመጨረሻ አማቴ እያዘኑ፣ እየተለማመጡ፣ እንደ ምንም ብለው የእኛ መኝታ ቤት ገቡ፤ ትልቁ አልጋ ላይ፣ የራሱ መታጠቢያ ያለው ክፍል። ቆሜ አየሁ። ቀንሶ መጻፍ እንዴት እንደሆነ ያን ዕለት ተማርኩ፤ ቦታው ነበር የጠፋኝ። ጽጌም የአሥራ አንድ ዓመት ወሬ አለብኝ ብላ ከእናቷ ጋር ተኛች። እኔ ጋራዥ ገባሁ።

አልጋው አጭር ነው፣ እግሬ ይወጣል። በቀለሙና በምንጣፉ ሥር ቤንዚን ይሸተኛል፤ ሌላ ሰው አይሸተውም ይላሉ። አራት ዓመት በጀርባዬ የተኛሁበት ቦታ ላይ ነው አሁንም በጀርባዬ የምተኛው። ከላዬ ግን ማንም የለም።

ጠዋት ቁርስ ላይ አማቴ፣ ልጄ፣ ተመቸህ ወይ፣ ክፍልህን ልልቀቅልህ እንጂ አሉኝ። የሆነችውን ጻፍ ያለኝ ዌይን ትዝ አለኝ። አልጋው አጭር ነው፣ ጀርባዬ አልቋል፣ አዎን ይልቀቁልኝ ልል አፌን ከፈትኩ።

«ኧረ እማማ፣ ለእኔ ጥግ ትበቃኛለች» አልኩ።

አልኩና የሚደርሰኝን ግማሽ ሰዓት ክርክር እጄን አጣምሬ ጠበቅኩ። አማቴ ሻያቸውን ፉት አሉና «እሱስ እውነትህን ነው» አሉ።