ጋሽ ገመቹ ያስወረዱት ኮርቻ

ድግስ ላይ እንስሳ ሲያይ ምርመራ የሚጀምር ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ጋሽ ገመቹ አሉልኝ። አዳማ ሳሉ ጋሪ ይነዱ ነበር፤ ዛሬ አሜሪካ፣ ሚኒያፖሊስ ውስጥ ነርሲንግ ሆም በሚሉት የአረጋውያን መጦሪያ አዛውንት ሲያነሱና ሲያስተኙ ይውላሉ።

ለልጄ ልደት ከከተማው አጠገብ ኮሎምቢያ ሃይትስ ያለ መናፈሻ ውስጥ ትንሽዬ ፈረስ ከነባለቤቱ ተከራይቼ አስመጣሁ። ልጆቹ ሊጋልቡ ተሰለፉ። ጋሽ ገመቹ ኬካቸውን አስቀመጡና ኮርቻውን ገለጥ አድርገው አዩ።

«ይሄ ቁስል ምንድን ነው?»

ባለፈረሱን ጠይቄ፣ «ለምዶታል ይላል» አልኳቸው።

«ቁስል ይለመዳል እንዴ? አውርድ በለው!»

ኮርቻው ወረደ። ፈረሱ ዛፍ ጥላ ሥር ሣሩን ይግጥ ጀመር፤ ልጆቹ ግን ለቅሷቸውን አቀለጡት። ታዲያ ምን ይደረግ? ጋሽ ገመቹ እጅጌያቸውን ሰብስበው በእጅና በጉልበታቸው ተንበረከኩ። አሥራ አንድ ልጅ በየተራ ጋለባቸው። ለእንስሳ የምናዝነው እኛ ወላጆች ደግሞ እየሳቅን ቪዲዮ ቀረጽን።

ባለልደቷ ልጄ ተራዋ ሲደርስ አልወጣም አለች። ላብ የሚወርደውን ፊታቸውን ጎንበስ ብላ አየችና ወደ እኔ ዞራ፣ «ኢዝ ሂ ታየርድ?» አለችኝ።

እስከዚያች ደቂቃ ደክሟቸው እንደሆነ የጠየቀ ትልቅ ሰው አልነበረም። ስልኬን ኪሴ ከትቼ ሄድኩና ደግፌ አነሳኋቸው።